የባዕድ ስም በእንግሊዝኛ አንደበት

ሎርድ ባይረን እ.ኤ.አ. በ1819 ማሳተም በጀመረው ረዥም ግጥሙ የስፔናዊውን ባለታሪክ ስም «ሁዋን» ብሎ አልጠራውም። «ጁ-አን» አለው፤ በሁለት ቀለም ከፍሎም ከተራ የእንግሊዝኛ ቃላት ጋር ቤት አስመታው። ባይረን በ1809 ስፔንን ተዘዋውሮ ያየ ሰው ነበርና ስሙን አያውቀውም አይባልም። ባዕዱን ሁሉ በራሱ ድምፅ የሚውጠውን ያገሩን ሰው እያስመሰለ የሚያሾፍ ይመስላል። ዛሬ ግጥሙን ከመድረክ ላይ የሚያነብ ሰው ስሙን «አቃንቶ» እንደ ስፔኖች ቢጠራው ቤቱ ይፈርሳል፤ ፌዙም አብሮ ይጠፋል።

የዜና አንባቢ ግን ሊያሾፍ አይችልም። ቢ.ቢ.ሲ. በ1926 ስለ አነጋገር የሚመክር ኮሚቴ ሲያቋቁም የመጀመሪያው ሰብሳቢ ገጣሚው ሮበርት ብሪጅስ ነበር፤ ከእርሱም ቀጥሎ ተውኔት ጸሐፊው በርናርድ ሾው ቦታውን ያዘ። (ጉዳዩ ለሰዋስው መምህራን ብቻ አለመተዉ ያስመሰግናል።) በኋላም ሥራውን የተረከበው የአነባበብ ክፍል አንድ ብልህ ደንብ ይከተላል። በመጀመሪያ የስሙ ባለቤት ራሱን እንዴት እንደሚጠራ ይጠየቃል፤ ከዚያም ስሙ ለእንግሊዛዊ አፍ በሚመች ድምፅ ይጻፋል። እንደ ፓሪስ የቆየ የእንግሊዝኛ መልክ ያለው ስም ባለበት ይቀራል። ደንቡ አንባቢውን ፈረንሳዊ ሁን አይለውም፤ ጠይቅ ግን ይለዋል።

ሳይጠየቅ ሲቀር ምን እንደሚሆን በኬንያ ታይቷል። ቅኝ ገዥዎቹ አገሪቱን «ኪንያ» ይሏት ነበር። በ1963 ነጻ ወጥታ ጆሞ ኬንያታ ሲመሯት «ኬንያ» የሚለው አነባበብ በእንግሊዝኛም ውስጥ ገነነ። ከአጻጻፉ አንዲት ፊደል አልተነካችም፤ የተለወጠው አንድ አናባቢ ብቻ ነው። ይሁንና ከዚያ ወዲህ «ኪንያ» የሚል ሰው የትኛውን ዘመን እንደሚናፍቅ ሰሚው መጠርጠሩ አልቀረም። ለዚህ አጠራር የድምፅ ጥናት ሰበብ ሊሆን አይችልም። እንግሊዛዊ አፍ ያንን አናባቢ በየቀኑ ሲያወጣው ይውላል።

ከልክ ያለፈ ትሕትናም ያው አለመስማት ነው። ብዙ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ቤይጂንግን «ቤይዢንግ» ይሏታል። በቻይንኛው ስም ውስጥ «ዥ» የለችም፤ ድምፁ ለእነርሱው ተራ «ጅ» እጅግ ይቀርባል። «ዥ»ን የለመዱት ከፈረንሳይኛ ውሰት ቃላት ነው። ለእነዚህ ሰዎች ባዕድ የሆነ ሁሉ ፈረንሳዊ ነው ማለት ነው።

ጉዳዩ የኢትዮጵያን ኪነ ጥበብ ሳይነካ አያልፍም። ጸጋዬ ገብረ መድኅን በእንግሊዝኛ የጻፈው «ኦዳ ኦክ ኦራክል» በ1965 ለሕትመት በቅቷል። ይህን መጽሐፍ ለሚያነሣ እንግሊዛዊ የደራሲው ስም ራሱ ፈተና ነው። «ጸ» በቋንቋው የለችም፤ «ት» እና «ስ» ተጣምረውም ቃል አይጀምሩለትም ማለት ይቻላል። ስለዚህ «ሰጋዬ» ይላል። ይህ ይቅር ይባላል፤ ጠንና ቀን ከእንግሊዛዊ ጉሮሮ መጠበቅ ከንቱ ድካም ነው። የአማርኛ ተናጋሪም ቢሆን የዴንማርኩን ልዑል «ሐምሌት» ብሎ ክረምት ክረምት ሲያሸተው ማንም አልከሰሰውም። ስሙን ከዴንማርክ የወሰዱት እንግሊዞችም እንዳገኙት አልተዉትም፤ በጥንቱ ታሪክ «አምሌት» የሚለውን ስም በ«ሀ» አስጀምረውታል።

«ኦዳ» ግን ከዚህ ይለያል። ኦዳ በኦሮሞ ሕዝብ ዘንድ የተከበረ፣ ሸንጎ የሚቀመጡበት ዛፍ ስም ነው፤ የመጨረሻው አናባቢም ረዥም ነው። እንግሊዝኛ ጭነት ያላረፈበትን አናባቢ የማድከም ልማድ ስላለው ቃሉ ተቆርጦ «ኦደ» ይሆናል። በርእሱ ላይ የቆመው ዛፍ እንዲህ ሆኖ ትርጉም የሌለው ድምፅ ይሆናል። ይህን ለማቃናት ተዋናዩ አንድም አዲስ ድምፅ መማር አያሻውም። አዘጋጁ በመጀመሪያው የልምምድ ቀን አንድ ኦሮምኛ ተናጋሪ ጋብዞ ቃሉን ሁለት ጊዜ ቢያስደምጠው ይበቃል።