«አይ7 ነው» የሚለው ወረቀት የማይነግራችሁ

የአጎቴ ልጅ የሚኖረው ቃሊቲ አካባቢ ባለ ሰፈር ነው። ባለፈው ክረምት ሁለት ዓመት ያጠራቀመውን ብር ይዞ ያገለገለ ላፕቶፕ ገዛ። ክዳኑ ላይ በእስክሪብቶ «ኮር አይ7፣ 8 ጂቢ ራም፣ ለጌም ምርጥ» የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል። ቤት ገብቶ ጂቲኤ 5ን ሲከፍት ግን መኪናው እየተቆራረጠ ነው የሚሄደው። «አይ7 ሆኖ እንዴት?» ብሎ ደወለልኝ።

የኔ ቅሬታ በዚያች ወረቀት ላይ ነው። «ለጌም ምርጥ» የምትለዋን ብንተዋት የተቀረው አንድም ውሸት የለበትም፤ የሚያስቸግረውም ይኸው ነው።

«አይ7» የደረጃ ስም እንጂ የፍጥነት ልክ አይደለም። ላፕቶፑ ውስጥ ያለው አይ7-7500ዩ ሁለት ኮር ብቻ ነው ያለው። በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው አይ5-8250ዩ ግን አራት ኮር አለው። ስለዚህ ከሰረዙ በኋላ ያለውን አንብቡ፤ መጀመሪያ ላይ ያለው ቁጥር ትውልዱን፣ «ዩ» ደግሞ ኃይል ቆጣቢ የላፕቶፕ ፕሮሰሰር መሆኑን ይናገራል።

የሚገርመው የልጁ ዋና ችግር ፕሮሰሰሩም አልነበረም። ጌም ስትጫወቱ ፕሮሰሰሩ መኪናው የት እንደደረሰ፣ እግረኛው ወዴት እንደዞረ ያሰላል። ግራፊክሱ ያንን ተቀብሎ ስክሪኑ ላይ ያለውን እያንዳንዱን ነጥብ ቀለም ይቀባል። በሰከንድ 60 ምስል ለማየት ሁለቱም ለእያንዳንዱ ምስል የድርሻቸውን በ16.7 ሚሊሰከንድ ውስጥ መጨረስ አለባቸው። እንጀራ ቤት አስቡ፦ ሊጡ በገንዳ ሙሉ ቢቦካም ምጣዱ አንድ ከሆነ የሚወጣው እንጀራ ያው ነው።

የቱ እንደዘገየ ለማወቅ አምስት ሳንቲም አታወጡም። የጌሙን የምስል ጥራት ከ1080 ወደ 720 አውርዱት። የሚቀቡት ነጥቦች ከ2 ሚሊዮን በላይ የነበሩት 921,600 ይሆናሉ፤ የፕሮሰሰሩ ስሌት ግን ብዙም አይቀንስም። ጌሙ ከፈጠነ የያዘው ግራፊክሱ ነው፤ ካልተለወጠ ፕሮሰሰሩን ጠርጥሩ። በስልክ እየመራሁት ሞከረ፤ ወዲያው ፈጠነ። ምጣዱ ነው እንግዲህ።

ላፕቶፑ ለብቻው ግራፊክስ ካርድ የለውም። ከፕሮሰሰሩ ጋር አብሮ የተሠራው ግራፊክስ የራሱ ሜሞሪ ስለሌለው ከራሙ ይበደራል። ራሙ ደግሞ አንድ ፍሬ ብቻ ነበር። ሁለት ፍሬ ቢሆን ዳታው በሁለት መስመር ይመላለሳል፤ አንድ ባለ 8 እና ሁለት ባለ 4 እኩል የማይሆኑት ለዚህ ነው። ወረቀቷ ግን ሁለቱንም «8 ጂቢ» ብላ ታልፋለች።

ጂቲኤ 5 እ.ኤ.አ. በ2015 ለኮምፒውተር ሲወጣ አምራቹ ይመክር የነበረው ፕሮሰሰር አይ5-3470 ነበር፤ አሁን ከየቢሮው በሚወጡ አሮጌ ዴስክቶፖች ውስጥ የምታገኙት ዓይነት ማለት ነው። ለዚያ ጌም የሚጎድላቸው ግራፊክስ ካርድ ነው። ትንንሾቹ ላይ ግን ፓወር ሰፕላይው አቅሙ ውስን ስለሆነ ተጨማሪ የኃይል ገመድ የማይፈልግ አጭር ካርድ ነው የሚስማማቸው።

እዚህም ስም ያታልላል። ጂቲ 1030 የሚባል ካርድ አለ፣ በሁለት ዓይነት ሜሞሪ የተሠራ። ጂዲዲአር5 ያለው በሰከንድ 48 ጂቢ ዳታ ያስተላልፋል። ዲዲአር4 ያለው 17 ገደማ ብቻ! ካርቶኑ ላይ ስማቸው አንድ ነው።

የውጭዎቹ የዩቲዩብ ገምጋሚዎችም ብዙ አይረዱን። «ርካሽ» የሚሉት ብዙ ጊዜ የ200 እና 300 ዶላር አዲስ ካርድ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ያ ገንዘብ እኛ ሰፈር ሙሉ ኮምፒውተር የሚፈለግበት ነው። እነሱ የሚያነጻጽሩት አዲስን ከአዲስ ነው፤ እኛ የምንመርጠው ከአሮጌ መካከል።

የአጎቴ ልጅ ላፕቶፑን አልመለሰም፤ ሻጩ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» አለው። ሁለተኛ ባለ 8 ጂቢ ራም ጨመረ፣ ጥራቱን 720 ላይ ተወው። መኪናው አሁን ይሄዳል፤ ዝናብ ሲዘንብ ብቻ ትንሽ ይንቀራፈፋል።