ሰማይና ሕግ በአንድ ስሌት

ባሕረ ሐሳብ፣ የበዓላትና የአጽዋማት ማውጫ ስሌት፣ ሁሌም ይደንቀኛል። ሒሳብ፣ የሰማይ ምርምርና የቤተ ክርስቲያን ሕግ በአንድ ማዕድ የቀረቡበት ጥበብ ነው።

የ2017 ዓ.ም.ን ፋሲካ እናውጣ። ከክርስቶስ ልደት በፊት የሚቆጠረው 5500 ዘመን ሲደመር 2017፣ 7517 ነው፤ ለ19 ሲካፈል 12 ይተርፋል። አንዱ ለዘመን ይቀነስና ወንበሩ፣ ማለትም የስሌቱ መነሻ ቁጥር፣ 11 ይሆናል። 11 በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ (30፣ 30 እየተጣለ ቀሪው ሲያዝ) መጥቅዑ፣ ማለትም የጾሙ ማውጫ ቁጥር፣ 29 ይሆናል። መጥቅዑ ያረፈበት መስከረም 29 ረቡዕ ዋለ፤ የረቡዕ ተውሳክ (ተጨማሪ ቁጥር) 4 ነው። የመጥቅዑና የተውሳኩ ድምር 33፣ በ30 ሲገደፍ 3፤ ድምሩ ከ30 ስላለፈ ጾመ ነነዌ ከጥር ተሻግሮ የካቲት 3፣ ሰኞ ገባ። በዚያው 3 ላይ የትንሣኤ ተውሳክ 9 ሲጨመር ትንሣኤ ሚያዝያ 12፣ እሑድ!

መጀመሪያ ያካፈልንበት 19 የፀሐይና የጨረቃ ዙር የሚገጥምበት የዓመት ብዛት ነው፤ እሑድን ያጸናው የቤተ ክርስቲያን ሕጉ ነው።