‹መለየት›፦ አንድ ቃል ለአራት ተግባር — ስለ አየር ቅኝት ቃላት አጠቃቀም የቀረበ ሂስ

ስለ ወታደራዊ የአየር ቅኝት በአማርኛ የሚጻፉና ወደ አማርኛ የሚተረጎሙ ጽሑፎችን ስንመረምር ደጋግመን የምናገኘው ቃል ‹መለየት› ነው፡፡ ራዳሩ አውሮፕላኑን ‹ለየ›፤ የራዳሩ ባለሙያ ‹ለየው›፤ አብራሪው ተጠግቶ ‹ለየው›፤ መሣሪያው ወዳጅን ከጠላት ‹ለየ› ይባላል፡፡ ቃሉ የጠራ አማርኛ መሆኑን አንክድም፡፡ ሂሳችን የሚያርፈው አራት የተለያዩ ተግባራት በዚህ በአንድ ስም በመጠራታቸው ላይ ነው፡፡ በሌላ ሙያ ቢሆን ጉድለቱ የአጻጻፍ ጉድለት ብቻ ሆኖ ባለፈ ነበር፤ በዚህ ሙያ ግን አንዱን ተግባር በሌላው መተካት ሰው ያስገድላል፡፡

ራዳር የሚለው ስም እ.ኤ.አ. በ1940 በአሜሪካ ባሕር ኃይል ከእንግሊዝኛ ቃላት መነሻ ፊደላት ተውጣጥቶ የወጣ ሲሆን፣ ፍቺውም በራዲዮ ሞገድ አንድን ነገር ማግኘትና ርቀቱን መለካት ማለት ነው፡፡ ስሙ ከአቅሙ በላይ አይናገርም፡፡ ሞገዱ ሄዶ ከአንድ አካል ላይ ነጥሮ ሲመለስ፣ በዚያ አቅጣጫና በዚያ ርቀት አንድ ነገር መኖሩ ይታወቃል፤ ይህ ‹ማግኘት› ነው፡፡ ያን ነገር ከደቂቃ ወደ ደቂቃ ሳይለቁ ማየት ‹መከታተል› ነው፡፡ ተዋጊ ነው ወይስ የመንገደኛ አውሮፕላን ብሎ መወሰን ‹ዓይነቱን ማወቅ› ነው፡፡ የማን እንደሆነ ማስረገጥ ደግሞ ‹ማንነቱን ማረጋገጥ› ነው፡፡

የሦስተኛውና የአራተኛው ልዩነት ለእኛ አገር አንባቢ እንግዳ ሊሆን አይገባም፡፡ በ1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ኦጋዴንን ሲወር ሚግ-21 አውሮፕላኖች የነበሩት ወራሪው ወገን ነበር፤ የኢትዮጵያ አየር ኃይል የሚዋጋው በኤፍ-5 ነበር፡፡ በ1970 ዓ.ም. ግን ሶቪየት ኅብረት ለኢትዮጵያም ሚግ-21 ሰጠች፡፡ እንግዲህ ‹ሚግ-21 መሆኑ ተለየ› የሚለው ዓረፍተ ነገር ከጥቂት ወራት በፊት ጠላት መምጣቱን ያመለክት የነበረ ሲሆን፣ በኋላ ስለ ማንነት ምንም የማይናገር ሆነ ማለት ነው፡፡ ዓይነት ማወቅ ማንነት ማረጋገጥ የሚመስለው እንዲህ ያለው አጋጣሚ እስኪለወጥ ድረስ ብቻ ነው፡፡

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበን ‹የወዳጅና የጠላት መለያ› የተባለው የመሣሪያ ስም ነው፡፡ የመሣሪያው አሠራር ከሌሊት ዘብ ሥራ አይለይም፡፡ ዘቡ ‹ቁም! ማን ነህ?› ይላል፤ መጪው የይለፍ ቃሉን ይመልሳል፡፡ ትክክለኛውን ቃል የመለሰ ወዳጅ ነው፡፡ ዝም ያለ ግን ማን ነው? ጠላት ሊሆን ይችላል፤ ቃሉን የረሳ ወዳጅ፣ ያልሰማ መንገደኛ፣ መሣሪያው የተበላሸበት ወይም ያለፈውን ቀን ቃል የያዘ ሊሆንም ይችላል፡፡ መሣሪያው ‹ወዳጅ› ማለት ይችላል፤ ‹ጠላት› ማለት ግን ከቶ አይችልም፡፡ የእንግሊዝኛውም ስም ይህንኑ ስሕተት ይዞ መወለዱ እውነት ነው፤ ሆኖም የባዕድ ቋንቋን ስሕተት በታማኝነት መተርጎም ግዴታችን አይደለም፡፡ እኛ ‹የወዳጅ ማረጋገጫ› እንዲባል እናሳስባለን፡፡ ክፍሎቹም ‹ጠያቂ› እና ‹መላሽ› ቢባሉ ከዘቡ ቋንቋ ስለተወሰዱ ማንም ይረዳቸዋል፡፡

እ.ኤ.አ. ሐምሌ 3 ቀን 1988 (ሰኔ 26 ቀን 1980 ዓ.ም.) የአሜሪካ የጦር መርከብ ቪንሰንስ ከባንዳር አባስ ወደ ዱባይ ይበር የነበረውን የኢራን መንገደኛ አውሮፕላን መትቶ 290 ሰዎች ሞቱ፡፡ የአውሮፕላኑ መላሽ የሲቪል መልስ ይሰጥ ነበር፤ አውሮፕላኑም ሽቅብ እየወጣ ነበር፡፡ በመርከቡ ውስጥ ግን ኤፍ-14 ተዋጊ ነው፣ ቁልቁል እየወረደ ነው ተባለ፡፡ በዚያ ሙያ ‹ያልታወቀ፣ ጠላት እንደሆነ የሚገመት› የሚባል ምድብ አለ፡፡ ተርጓሚ ለማሳጠር ሲል ‹ያልታወቀ› ብቻ ቢል ግምቱን ይሰርዛል፤ ‹ጠላት› ብቻ ቢል ደግሞ ግምቱን እውነት ያደርገዋል፡፡ እዚህ ላይ ማሳጠር አይፈቀድም፡፡

ሁለተኛው ምሳሌያችን ይበልጥ የቋንቋ ጉዳይ ነው፡፡ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 14 ቀን 1994 (ሚያዝያ 6 ቀን 1986 ዓ.ም.) በሰሜን ኢራቅ ሰማይ ላይ ሁለት የአሜሪካ ኤፍ-15 ተዋጊዎች ሁለት የራሳቸውን ወገን ብላክ ሆክ ሄሊኮፕተሮች መትተው 26 ሰዎች ሞቱ፤ አዋክስ የተባለው የቅኝትና የምሪት አውሮፕላን በአየር ላይ እያለ ነው ይህ የሆነው፡፡ ሄሊኮፕተሮቹ የሚመልሱት ከእገዳው ክልል ውጭ የሚሠራበትን ቁጥር ሲሆን፣ ተዋጊዎቹ የሚጠይቁት በክልሉ ውስጥ የሚሠራበትን ነበር፡፡ መሪው አብራሪ በዓይኑ አይቶ የሶቪየት ሥሪት ሂንድ ናቸው አለ፤ ተከታዩም ቀርቦ ካየ በኋላ ‹ታሊ ቱ› ሲል መለሰ፡፡ ተከታዩ ሁለት ሄሊኮፕተር ማየቱን መናገሩ ነበር፤ መሪው ግን ሂንድ መሆናቸውን አረጋገጠልኝ ብሎ ተረዳ፡፡

ይህን ቃል ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው ‹ሁለቱንም አይቻቸዋለሁ› ለማለት ይፈተናል፤ ለጆሮ ይጥማልና፡፡ ነገር ግን ‹ሁለት አየሁ› እና ‹ሁለቱን አየኋቸው› በአማርኛ አንድ አይደሉም፡፡ የመጀመሪያው የተናጋሪውን ማየት ብቻ ይገልጻል፤ ሁለተኛው ‹አንተ ያልካቸውን እነዚያን› የሚል ስምምነት በውስጡ አለው፡፡ በሁለተኛው የተረጎመ ሰው ሳያውቀው የመሪውን ስሕተት ለአንባቢው እውነት አድርጎ ያቀርባል፡፡ ሰዋስዋችን የሰጠንን ይህን ትክክለኛ መለኪያ ለመልካም ድምፅ ስንል መጣል የለብንም፡፡ በእንግሊዝኛው የውጊያ ንግግር ወዳጅን ማየትና ዒላማን ማየት የየራሳቸው ቃል እንዳላቸውም መታወስ አለበት፤ በእኛ ሁለቱም ‹አየሁ› ስለሚሆኑ፣ ምን እንዳየ የሚናገር ስም ሳይጨመር መቅረት የለበትም፡፡

ስለ ሌሎቹ ቃላት ባጭሩ እንናገር፡፡ የጠላትን አውሮፕላን በአየር ላይ የሚገታውን ተዋጊ ‹ጠላፊ› የሚሉ አሉ፡፡ አማርኛ ተናጋሪ ‹የአውሮፕላን ጠላፊ› ሲባል የሚያስበው በ1989 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድን አውሮፕላን አስገድደው ኮሞሮስ አጠገብ ባሕር ላይ እንዲወድቅ ያደረጉትን ዓይነት ሰዎች ነው፡፡ ዘብና ወንበዴ በአንድ ስም ሊጠሩ አይገባም፤ ‹ገቺ› የሚለው፣ ውበት ባይኖረውም፣ ይሻላል፡፡ ‹ቁጥጥር› የሚለውም ቃል ከመጠን በላይ ተጭኖበታል፤ ሰማዩን መመልከትም፣ የመንገደኛ አውሮፕላኖችን ጉዞ ማስተናበርም፣ ግዳጅ ላይ ያለን ተዋጊ ወዴት እንደሚዞር ማዘዝም ቁጥጥር ይባላል፡፡ ለመጀመሪያው ‹ቅኝት› የሚል ጥንታዊ የጦር ሜዳ ቃል አለን፤ ለመጨረሻው ‹ምሪት› ይበቃል፤ ‹ቁጥጥር› ለመካከለኛው፣ ሕዝብ በለመደበት ለሲቪሉ ይቅር፡፡

በራዳር መስኮት ላይ የሚታየውን ማንኛውንም ነጥብ ‹ዒላማ› ማለትን ግን ፈጽሞ አንቀበለውም፡፡ የእንግሊዝኛው ቃል በራዳር ባለሙያ አፍ የተገኘውን ነገር ሁሉ፣ ወፍም ደመናም ቢሆን፣ ሊያመለክት ይችላል፤ በአማርኛ ግን ዒላማ የሚተኮስበት ነው፡፡ ነጥሮ የተመለሰው ሞገድ ‹የገደል ማሚቶ› እንዳይባል ሰማይ ላይ ገደል የለም፤ ‹ማሚቶ› ብቻውን ግን ሥራውን በሚገባ ይገልጻል፡፡ ‹በሰሜን ምሥራቅ አንድ ማሚቶ ተገኘ› የሚል መልእክት የደረሰው አዛዥ የሚቀጥለው ጥያቄው ‹ምንድን ነው?› ይሆናል፡፡ ‹አንድ ዒላማ ተገኘ› ከተባለ ግን ይህን ጥያቄ የሚያነሣበት ምክንያት አይኖረውም፡፡