ሐይቁን የማያይ የጎርፍ ቀመር

ላይትሂልና ዊታም እ.ኤ.አ. በ1955 ስለ ጎርፍ ማዕበል ያወጡት ጥናት ሐሳቡ ያምራል። ውኃው ጠለቅ ሲል ይፈጥናል፤ ስለዚህ ከኋላ የሚመጣው ከፍታ የፊቱን እየደረሰበት የማዕበሉ ግንባር ቀጥ እያለ ይሄዳል። «ኢመስመራዊ» የሚባለው ይሄው ነው። በሰፊ ወንዝ የማዕበሉ ፍጥነት የውኃው 5/3 እጥፍ ገደማ ነው።

ግን እስቲ ወረታ ላይ ሆናችሁ አስቡት። ርብና ጉማራ ከተራራው ሲወርዱ ቀመሩ ጥሩ ይሠራል። ፎገራ ሜዳ ሲደርሱ ግን ተዳፋቱ ያልቅና ጣና በክረምት ሞልቶ ውኃውን ወደ ኋላ ያቁረዋል። በዚህ ቀመር መልእክት የሚሄደው ቁልቁል ብቻ ነው፤ ወንዙ ከፊቱ ሐይቅ እንዳለ አያውቅም! (ሰዎቹም «ረጅም ወንዞች» ነው ያሉት፤ ጥፋቱ ያለቦታው የሚያመጣው ሰው ነው።)

ሩዝ ማሳ ላይ ለሚተኛ ውኃ እኔ የምመርጠው የሳን-ቬናንን የ1871 ዲፈረንሻል እኩልታዎች ነው። ከበድ ይላሉ፤ ወሬ ግን ሽቅብም ያደርሳሉ። ወንዙ ዳሩን ጥሶ ወደ ጎን ከፈሰሰ ደግሞ በሁለት አቅጣጫ መጻፍ አለባቸው።