አንጓን ቀና የሚያደርግ ሙያ

የላይኛው የክንድ አጥንት ሲሰበር አብሮት የእጅ አንጓን ቀና የሚያደርጉትን ጡንቻዎች የሚያዘው ራዲያል ነርቭ ሊጎዳ ይችላል። ያኔ አንጓ ይወድቃል፤ እጅ ወደ ታች ይንጠለጠላል። ጣቶችን የሚያጥፉት ጡንቻዎች ደህና ቢሆኑም መጨበጥ ያቅታል። አንጓችሁን ወደ ታች አጥፋችሁ ብዕር ጨብጡ፤ ጉልበታችሁ ከዳችሁ አይደል? አንጓውን ትንሽ ቀና አድርጎ የሚይዝ ስፕሊንት የተባለ ደጋፊ ሲታሰር ግን ኩባያ መያዝም እንጀራ መቁረስም ይቻላል።

ይህ ስፕሊንት ሰዎች የዕለት ተዕለት ሥራቸውን እንዲያከናውኑ በምታግዝ ባለሙያ፣ በኦኩፔሽናል ቴራፒስት እጅ ሲሠራ ማየት ደስ ይላል። የሚሠራበት ጠፍጣፋ ፕላስቲክ ከ65 እስከ 70 ዲግሪ በሞቀ ውሃ ይለሰልሳል። በፎጣ ደርቆ ክንድ ላይ ካረፈ በኋላ እስኪጠነክር ያለው ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። ባለሙያዋ በጣቷ ጫፍ አትጫነውም፤ ጣት ያጎደጎደው ቦታ ሲጠነክር ቆዳ ያቆስላል። በመዳፏ እየደባበሰች ትቀርጸዋለች። በትንሿ ጣት በኩል ያለችውን የአንጓ ጉብታ አጥንት ቀድማ በስፖንጅ ትሸፍናለች፤ ፕላስቲኩ ለስፖንጁ ጭምር ቦታ ትቶ ይቀረጻል። ስፖንጁ ኋላ ቢጨመር ግን አጥንቷን ይብስ ይጫናታል።

እኔን ከሁሉ የሚያስደንቀኝ መዳፍ ላይ የሚያርፈው የስፕሊንቱ ጠርዝ ነው። ከጣቶች ሥር ያለውን መስመር ሳይነካ፣ ወደ ትንሿ ጣት ዝቅ እያለ በሰያፍ ይቆረጣል። ጥቂት ሚሊ ሜትር ካለፈ ጣቶች ሙሉ በሙሉ አይታጠፉም፤ ስፕሊንቱም ሊያግዘው የመጣውን እጅ ያስራል። ጠርዙ ወደ ውጭ ይመለሳል፤ ርዝመቱ ከአንጓ እስከ ክርን ያለውን ክንድ ሁለት ሦስተኛ ይሸፍናል፣ ጫናው አንድ ቦታ እንዳይከማች። ለግማሽ ሰዓት ያህል ታስሮ ይፈታና ቆዳው ይታያል፤ ቅላቱ ካልጠፋ ፕላስቲኩ እንደገና ሞቆ ይስተካከላል።

የተጎዳ ነርቭ መልሶ የሚያድገው በቀን 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ የልብስ ሰፊው፣ የአናጢው፣ የእናቲቱ እጅ ለወራት ይህን ድጋፍ ይፈልጋል። ድጋፉን የሚሠሩ ባለሙያዎችን ለማፍራት ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ የአገራችንን የመጀመሪያ የኦኩፔሽናል ቴራፒ ዲግሪ ትምህርት ከፍቷል። የሆስፒታል ኃላፊዎች ሆይ፣ ለተመራቂዎቹ የሥራ መደብ ክፈቱላቸው፤ ፕላስቲኩንና የውሃ ማሞቂያውንም ግዙላቸው። አንጓው የወደቀ ዘመድ ያላችሁም ዛሬውኑ ሐኪሙን ስለ ስፕሊንት ጠይቁ።