የ«ዲኤክስ» ሞተር እድሳት፦ ግቢ ውስጥ የሚሠራውና ለቶርኖ ቤት የሚተወው

«ዲኤክስ» በሚል አጭር ስም የምትታወቀው ቶዮታ ኮሮላ፣ በፋብሪካ መለያዋ ኬኢ70፣ ስትሠራ የስፖርት መኪና አልነበረችም። ሞተሯ ግን ከፊት ሆኖ የኋላ ጎማዎችን ያሽከረክራል፤ ክብደቷ ቀላል ነው፤ አሠራሯም ለሚፈታታት ሰው ግልጽ ነው። በዚህ ምክንያት መኪና የሚወዱ ወጣቶች ቁመቷን ዝቅ አድርገው፣ ጎማዋንና ማርሚታዋን ለውጠው በስፖርት መኪና ማዕረግ ይይዟታል። ይህ የኮሮላ ትውልድ ገበያ ላይ የዋለው በ1979 እ.ኤ.አ. ነው። በ1983 እ.ኤ.አ. የተካው ኮሮላ በአብዛኛው በፊት ጎማ የሚነዳ ስለሆነ፣ በኋላ ጎማ ከሚነዱት ባለ አራት በር ኮሮላዎች የመጨረሻው ትውልድ የዲኤክስ ትውልድ ነው።

እንዲህ ያለች መኪና ሞተሯ ስለደከመ ብቻ አትጣልም። አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ባገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ኤክሳይዝ ታክስ ጥሏል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። አገር ውስጥ ያለው ሞተር እየታደሰ መኖር ግድ ሆኖበታል። እንደ ወልቂጤና ቡታጅራ ባሉ ከተሞች ሥራው በሁለት ይከፈላል። መፍታት፣ ማጠብ፣ መለካትና መግጠም ቦታና ትዕግሥት ባለው ሰው ግቢ ውስጥ ሊሠራ ይችላል። ብረት መቁረጥና መሞረድ ግን የቶርኖ ቤት ድርሻ ነው። ለሙያው አዲስ የሆነ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ መለየት ያለበት ይህን ድንበር ነው።

በኬኢ70 ላይ በብዛት የተገጠመው 4ኬ የተባለው ሞተር ነው። አራት ሲሊንደር አለው፤ የሲሊንደሩ ስፋት 75 ሚሊሜትር፣ የፒስተኑ ምልልስ 73 ሚሊሜትር፣ ጠቅላላ ይዘቱ 1,290 ሲሲ ነው። ብሎኩ ብረት፣ ቴስታታው (የሲሊንደሮቹ የላይኛ ክዳን) አሉሚኒየም ነው። ካምሻፍቱ ብሎኩ ውስጥ ተቀምጦ በሰንሰለት ይዞራል፤ ቫልቮቹንም በረጃጅም ዘንጎች አማካይነት ይገፋል። ክራንክ ሻፍቱ በአምስት ቦታ ላይ ተደግፏል፤ ሲሊንደሮቹ በ1-3-4-2 ቅደም ተከተል ያቃጥላሉ። ኤሌክትሮኒክስ የሌለው በመሆኑ ኮምፒውተር የማይጠይቅ፣ በዓይንና በመለኪያ ብቻ ሊመረመር የሚችል ሞተር ነው።

እድሳት የሚጀምረው ሞተሩን በማውረድ ሳይሆን በመመርመር ነው። ሰማያዊ ጭስ የሞተር ዘይት እየተቃጠለ መሆኑን፣ ጥቁር ጭስ ቤንዚን መብዛቱን፣ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማይጠፋ ነጭ ጭስ ውኃ ወደ ሲሊንደር መግባቱን ያመለክታል። ሰማያዊ ጭስ ሁሉ «ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) ጨርሷል» አያሰኝም። መኪናው አድሮ ሲነሳ ለአፍታ ብቻ አጭሶ የሚተው ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የደረቁት የቫልቭ ጎማዎች ነው፤ ይህ ደግሞ ሞተር ሳይወርድ ይጠገናል። ቀጥሎ የሚመጣው የኮምፕሬሽን ፍተሻ ነው። ሞተሩ ሞቆ፣ ካንዴላዎቹ ሁሉ ወልቀው፣ የቤንዚን ፔዳሉ እስከ ታች ተረግጦ በሞተሪኖ እየዞረ እያንዳንዱ ሲሊንደር ይለካል። አንዱ ዝቅ ብሎ ከተገኘ ጥቂት የሞተር ዘይት በካንዴላው ቀዳዳ ይጨመርና እንደገና ይለካል። ልኬቱ ከፍ ካለ ችግሩ የፋሻና የሲሊንደር ነው፤ ካልተለወጠ ቫልቭ ወይም የቴስታታ ጓርኒሲዮን ነው።

እዚህ ላይ የአካባቢው ከፍታ መታሰብ አለበት። ወልቂጤ ከባሕር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ፣ ቡታጅራ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛሉ። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው በአምስት አንድ እጅ ያህል ያንሳል፤ የኮምፕሬሽን ልኬቱም በዚያው መጠን ይቀንሳል። በፋብሪካው መመሪያ ላይ የሰፈረውን ቁጥር እንዳለ ወስዶ የሚያወዳድር ሰው ጤነኛውን ሞተር የደከመ ነው ብሎ ሊፈርድ ይችላል። በደጋ ከተማ ይበልጥ የሚታመነው በአራቱ ሲሊንደሮች መካከል ያለው ልዩነት ነው። ሁሉም ተቀራራቢ ከሆኑና ልዩነታቸው ከ1 ባር ካልበለጠ ሞተሩን ለማውረድ ሌላ ማስረጃ ያስፈልጋል።

ማውረድ ግድ ከሆነ ቦታው ጣሪያ ያለው፣ ወለሉም ሲሚንቶ ቢሆን ይመረጣል። በበጋ አቧራ፣ በክረምት ዝናብና ጭቃ የተፈታ ሞተር ጠላቶች ናቸው፤ ብሎኩን በንጹሕ ላስቲክ ሸፍኖ ማሳደር የሥራው አካል ነው። ለማንሳት ፓራንኮና ከጠንካራ የብረት ቱቦ የተበየደ ሦስት እግር ያለው ማንጠልጠያ ይበቃል። በባሕር ዛፍ አጣና ላይ ማንጠልጠል ወይም በክሪክ ብቻ ተደግፎ ከቆመ መኪና ሥር መግባት ለሕይወት የሚያሰጋ ልማድ ነው። ከቁልፍ፣ ከካቻቢቴና ከፒንሳ ሌላ የማይቀሩት መሣሪያዎች ማይክሮሜትር፣ ፊለር ጌጅና ቶርክ ቁልፍ ናቸው። እነዚህን መግዛት ባይቻል መዋስ ይገባል፤ ያለ እነሱ የሚደረግ እድሳት ዕቃ መለወጥ እንጂ እድሳት አይባልም።

አፈታቱ ሥርዓት አለው። ውኃውና ዘይቱ ይወርዳል፤ ባትሪው ይነቀላል፤ ሞተሩ ከካምቢዮው ተለይቶ ይነሳል። የቴስታታው ብሎኖች ከዳር ወደ መሐል፣ በየተራ ጥቂት በጥቂት ይላላሉ፤ በአንድ ጊዜ ከአንድ ወገን ከተፈቱ አሉሚኒየሙ ሊጣመም ይችላል። የቫልቭ መግፊያ ዘንጎች፣ ቫልቮችና ፒስተኖች ከየት እንደወጡ ምልክት ተደርጎባቸው በየቁጥራቸው ይቀመጣሉ፤ አብረው የተፋጩ ክፍሎች ቦታ ሲለዋወጡ ፍትጊያው ከአዲስ ይጀምራልና። ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚሹት የቢየላና የክራንክ ሻፍት መያዣ ክዳኖች ናቸው። እያንዳንዱ ክዳን ከባልደረባው ጋር ታስሮ የተበሳ ስለሆነ፣ ከሌላው ጋር ቢለዋወጥ ወይም ቢገለበጥ ቀዳዳው ክብ መሆኑ ይቀራል።

ለእጥበት ናፍታ ከቤንዚን ይሻላል፤ የቤንዚን ተን ከሩቅ በሲጋራ መለኮሻ ወይም በከሰል ምድጃ እሳት ይያያዛል። የብረት ብሎክን የሚያጸዳው ኮስቲክ ሶዳ አሉሚኒየምን ስለሚበላ ቴስታታው አጠገቡ ሊደርስ አይገባም። የዘይት መተላለፊያ ቀዳዳዎች በሽቦና በአየር አንድ በአንድ ይጠረጋሉ።

ቀጥሎ የሚመጣው መለካት የሥራው ሁሉ እምብርት ነው። ሲሊንደር እኩል አይበላም፤ ይበልጥ የሚጎዳው የላይኛው ፋሻ የሚመለስበት አካባቢ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ሲሊንደር በሦስት ከፍታዎች፣ በየከፍታው በሁለት አቅጣጫ ይለካል፤ ስድስቱም ቁጥሮች ይመዘገባሉ። ልዩነታቸው መመሪያው ከሚፈቅደው ካለፈ ሲሊንደሩ ሞላላ ሆኗል ወይም ወደ ታች ጠብቧል ማለት ነው። እንዲህ ባለ ሲሊንደር ላይ አዲስ ፋሻ ብቻ ማስገባት በከተሞቻችን ከሚዘወተሩ ስሕተቶች ዋነኛው ነው። ክቡ ፋሻ ከሞላላው ግድግዳ ጋር አይገጥምም፤ ጫፉም ከላይ በቀረው ያልተበላ ጠርዝ ላይ እየተጋጨ ሊሰበር ይችላል። ክራንክ ሻፍቱም በየእርከኑ በማይክሮሜትር ይለካል። ጥፍር የሚይዝ ጭረት ካለበት ብሮንዝ (ዘንጉ የሚዞርበትን ስስ ማረፊያ) መለወጥ ብቻውን አያድነውም። ቴስታታው ላይ ቀጥ ያለ ብረት ተጋድሞ ሥሩ በፊለር ጌጅ ይፈተሻል፤ 0.05 ሚሊሜትር ያህል ክፍተት ከተገኘ መላግ አለበት።

ልኬቱ ሲያልቅ ለቶርኖ ቤት የሚሄደው ይታወቃል። ሲሊንደር ማስፋት፣ ክራንክ ሻፍት መሞረድ፣ ቴስታታ መላግና የቫልቭ መቀመጫ መቁረጥ ልዩ ማሽን ይጠይቃሉ። ሥራው በቅርብ ካልተገኘ መንገዱ ወደ አዲስ አበባ ነው፤ ከወልቂጤ 155 ኪሎ ሜትር፣ ከቡታጅራ 135 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። መለዋወጫውም በአብዛኛው የሚገኘው መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ነው። የግዥውን ቅደም ተከተል መሳሳት ከርቀቱ ይልቅ ብዙ ያስከፍላል፦ መጀመሪያ ፒስተን ይገዛል፤ ከዚያ ሲሊንደሩ ያንኑ ፒስተን ለክቶ ይሰፋል። ፒስተኖች ከመደበኛው ልክ በ0.50 ወይም በ1.00 ሚሊሜትር፣ ብሮንዞች ደግሞ በ0.25 ወይም በ0.50 ሚሊሜትር ደረጃ ይመጣሉ። ሲሊንደር አስፍቶ ፒስተን የሚፈልግ ሰው የሰፋበትን ልክ ገበያ ላይ ያጣውና ብሎኩን ለሌላ ዙር ማስፋት ይገደዳል። ብሎኩ ራሱ ተለውጦ ከሆነ የሞተሩ ቁጥር በሊብሬው ላይ ከተጻፈው ጋር ስለማይገጥም ሕጋዊ ምዝገባውን ማስተካከል ያስፈልጋል።

ቫልቭን ከመቀመጫው ጋር በማፋጫ ቅባት ማስማማት ወደ ግቢ የሚመለስ ሥራ ነው። ከዚያ ሁሉም ክፍል እንደገና ታጥቦ ይገጠማል፤ ከቶርኖ ቤት የመጣ ብሎክ ውስጥ የቀረ የብረት ብናኝ አዲሱን ብሮንዝ በአጭር ጊዜ ይጨርሳል። ፋሻ ፒስተኑ ላይ ከመግባቱ በፊት ብቻውን ሲሊንደሩ ውስጥ ይቀመጥና የጫፎቹ ክፍተት ይለካል። ክፍተቱ ከጠበበ፣ ፋሻው ሲሞቅ ጫፎቹ ተገፋፍተው ሲሊንደሩን ይቧጥጡታል። የፋሻዎቹ ክፍተቶች በአንድ መስመር እንዳይውሉ ይዞራሉ፤ በፒስተኑ አናት ያለው ምልክት ወደ ሞተሩ ፊት ይመለከታል። እያንዳንዱ የክራንክ ሻፍት ክዳን ከጠበቀ በኋላ ዘንጉ በእጅ ይዞራል። ከአንደኛው ክዳን በኋላ መዞሩ ከከበደ ስሕተቱ ያለው እዚያው ነው፤ በጉልበት መቀጠል አይገባም። የሰንሰለቱ ምልክቶች ይገጣጠማሉ፤ የቴስታታው ብሎኖች ደግሞ ከመሐል ወደ ዳር፣ በደረጃ፣ መመሪያው በሚያዘው ልክ በቶርክ ቁልፍ ይጠብቃሉ።

የማቀዝቀዣው ክፍል እንደ ተጨማሪ ነገር ሊታይ አይገባም። በ2,000 ሜትር ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። የመፍላት ነጥቡን ከፍ የሚያደርገው በራዲያተሩ ክዳን ታምቆ የሚያዝ ግፊት ነው፤ ክዳኑ ካረጀ ሞተሩ ቶሎ ይፈላል፤ የአሉሚኒየሙ ቴስታታም ዳግም ይጣመማል። «እንዳይሞቅ» ተብሎ ቴርሞስታት ማውለቅም የተለመደ ነው። ውጤቱ ግን ሞተሩ ወደ ሥራ ሙቀቱ ሳይደርስ እንዲሠራ ማድረግ ነው፤ ቀዝቃዛ ሞተር ቤንዚን ያባክናል፣ ሲሊንደሩንም ቶሎ ያስበላል። በእድሳት ጊዜ አዲስ ክዳንና አዲስ ቴርሞስታት ማስገባት ከጠቅላላ ወጪው አንጻር ትንሽ ነው።

ሞተሩ መጀመሪያ የሚዞረው ሳይነሳ ነው። ካንዴላዎቹ ወልቀው የዘይት መብራቱ እስኪጠፋ ድረስ በሞተሪኖ ይዞራል። ከተነሳና ከሞቀ በኋላ የቫልቭ ክፍተት ይስተካከላል፤ ለ4ኬ ሞተር በሙቀቱ ለማስገቢያው 0.20፣ ለማስወጫው 0.30 ሚሊሜትር ነው። በባሕር ጠለል ልክ የተዘጋጀ ካርቡሬተር በደጋ ቤንዚን ያበዛል፤ ካንዴላዎቹ ጥቁር ጥላሸት ከያዙ የቤንዚን መርጫውን በትንሹ ማሳነስ ይገባል።

የመጀመሪያዎቹ 1,000 ኪሎ ሜትሮች የእድሳቱ የመጨረሻ ክፍል ናቸው። አዲስ ፋሻ ሲሊንደሩን የሚላመደው ጫናው ከፍ ዝቅ ሲል ነው፤ በአንድ ፍጥነት ረጅም መንገድ መንዳትም፣ ሞተሩን ቆሞ ለረጅም ጊዜ ማስጮህም አይጠቅመውም። ከወልቂጤ ወደ ጅማ የሚወስደው መንገድ እስከ ጊቤ ወንዝ፣ ወደ 1,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ወርዶ ዳግም ይወጣል፤ ያ ዳገት ላልተላመደ ሞተር አይሆንም። ለመስቀል ወደ አገር ቤት ለመግባት የሚታደስ ሞተርም እነዚህን ኪሎ ሜትሮች አስቀድሞ እንዲጨርስ ሥራው ከክረምቱ በፊት መጠናቀቅ አለበት። በ500 ኪሎ ሜትር ዘይትና ፊልትሮ ይለወጣል፤ የቫልቭ ክፍተትም ዳግም ይፈተሻል።

ሥራው መልካም መሆኑን የሚያሳየው በመጨረሻ የሚደረገው የኮምፕሬሽን ልኬት ነው፤ ከመፈታቱ በፊት ከተመዘገበው ጋር፣ በዚያው ከተማና በዚያው መለኪያ ይነጻጸራል። ሞተሩን ያደሰ ሰው የሲሊንደሩን፣ የክራንክ ሻፍቱንና የቫልቮቹን ልክ በደብተር ጽፎ ከሊብሬው ጋር ያስቀምጥ፤ ቀጣዩ መካኒክ ስንት ሚሊሜትር እንደቀረለት የሚያውቀው ከዚያ ደብተር ነው።