ጸሎትን የሚሰማው ማን ነው? በ«ቪጅናና ባይራቫ ታንትራ» ላይ የቀረበ ሂሳዊ ምልከታ

ስለ ሂንዱ ተመስጦ ስንሰብክ ብዙ ጊዜ ነገሩን «አእምሮን ባዶ ማድረግ ነው» ብለን እንዘጋዋለን። ስጋታችን መሠረት አለው፤ ያላነበቡትን መንቀፍ ግን በባልንጀራ ላይ በሐሰት ከመመስከር አይርቅም። ስለዚህ በካሽሚር የሺቫ አምላኪዎች ዘንድ የተከበረውን ቪጅናና ባይራቫ ታንትራ የተባለ የሳንስክሪት ጽሑፍ ራሱን እንመርምር።

ጽሑፉ የተዋቀረው በምልልስ ነው። እንስት አምላኳ ስለ ባይራቫ፣ ማለትም ስለ ሺቫ፣ እውነተኛ ባሕርይ ትጠይቃለች፤ እርሱም ወደ ላቀ ንቃተ ኅሊና ያደርሳሉ የሚላቸውን 112 የተመስጦ መንገዶች ይዘረዝራል። አንዱ ወደ ውስጥ በሚገባውና ወደ ውጭ በሚወጣው እስትንፋስ መካከል ባለችው ቅጽበት ላይ ልብን ማሳረፍ ነው። ሌሎቹ ከዕለት ኑሮ የተወሰዱ ናቸው፦ ብዙ ጊዜ የተለየን ዘመድ ሲያዩ የሚመጣው ደስታ፣ የምግብ ጣዕም፣ እንቅልፍ ሊወስድ ሲል ያለው ጊዜ፣ ድንጋጤ፣ ረሃብና ማስነጠስ ሳይቀሩ። እንግዲህ «ባዶ ማድረግ» የሚለው አነጋገር ከፊሎቹን እንጂ ሁሉንም አይገልጽም። ተራውን ሕይወት በትኩረት መመልከቱ የጽሑፉ ብርታት ነው፤ ማዕድ ባርከን የበላነውን ሳናስተውል የምንነሣውን እኛን ይወቅሰናል።

ታዲያ ችግሩ የት ላይ ነው? እንስት አምላኳ ራሷ ወደ መጨረሻው ታነሣዋለች፤ ነገሩ እንዲህ ከሆነ የሚመለከው ማን ነው? መሥዋዕቱስ ለማን ይቀርባል? መልሱ ግልጽ ነው። እውነተኛው የጸሎት ድግግሞሽ በራስ ማንነት ላይ ማተኮር ነው፤ መሥዋዕቱም አእምሮንና የስሜት ሕዋሳትን ለታላቁ ባዶነት እሳት ማቅረብ ነው። በመጨረሻ አምላኪና ተመላኪ አንድ ይሆናሉ።

ልብ በሉ፤ በዚህ ትምህርት የሰው ዋና ችግር ኃጢአት ሳይሆን ማንነቱን አለማወቁ ነው፤ መፍትሔውም መታረቅ ሳይሆን መገንዘብ ነው። የተበደለ ከሌለ ይቅር ባይ አያስፈልግም፤ መስቀሉም ሥራ ያጣል። ጴጥሮስም በሁለተኛው መልእክቱ 1፥4 ከመለኮት ባሕርይ ስለ መካፈል ተናግሯል የሚል ይኖራል። በዚያ ግን መካፈሉ በተስፋ ቃል የሚሰጥ ጸጋ ነው እንጂ በውስጣችን የተረሳ አምላክነትን ማስታወስ አይደለም። ጌታችንም በጌቴሴማኒ ፈቃዱን ለአባቱ ሲያስገዛ የሚናገርና የሚሰማ ነበሩ።

በመዝሙር 1 ሕጉን ስለ ማሰብ የተነገረው የዕብራይስጥ ቃል፣ «ሃጋ»፣ በዝግታ ድምፅ ማሰማትንም ያመለክታል። የእኛ ተመስጦ ከተነገረን ቃል ይነሣል፤ ወደ ተናጋሪውም ይመለሳል።

ጥያቄው ግን እኛንም ይመለከታል። የጥሞና ጊዜያችንን የምንመዝነው በተሰማን ሰላም ብቻ ከሆነ፣ አፋችን «አባት ሆይ» እያለ ልባችን ከራሱ ጋር ያወራል። እንግዲህ አንድ ወጣት ስለ ተመስጦ ሊጠይቃችሁ ሲመጣ አትቆጡት። ጽሑፉን በትክክል አስረዱትና እንዲህ ብላችሁ ጠይቁት፦ «ስትጨርስ የምታመሰግነው ማንን ነው?»